የ«ድራፍት» ልምምድ በአል-ዓሪዳ፦ ጨዋታው የት ያበቃል? ቁማሩስ የት ይጀምራል?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። «ሐሙስ ከዒሻእ ሶላት በኋላ የድራፍት ልምምድ አለ፤ ማንም እንዳይቀር» ይላል። ላኪው በአል-ዓሪዳ የዕቃ መኪና የሚያሽከረክር ኢትዮጵያዊ ወንድም ነው። መልእክቱ ለጓደኞቹ የታሰበ ቢሆንም በስሕተት ለአንድ አረጋዊ መምህር ደረሰ። እኚህ አባት በወሎ ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬ በዚህ አካባቢ የወገን ልጆችን ቁርኣን የሚያቀሩ ሸኽ ናቸው። በአገራችን «ድራፍት» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ከበርሜል የሚቀዳው ቢራ ነውና፣ ሸኹ መልእክቱን ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ሐሙስ ማታ ሸኹ ከመስጊድ እንደወጡ ምርኩዛቸውን ይዘው ወንድሞች ወደሚሰበሰቡባት አነስተኛ የማረፊያ ግቢ በቀጥታ አመሩ። በሩን ሲከፍቱ ያገኙት ግን ሌላ ነበር። ሰባት ሰዎች በምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው የተምር ሳሕን፣ የሻይ ጀበና፣ ደብተርና በመቀስ የተቆራረጡ በርካታ ወረቀቶች አሉ። ሁሉም ተነሥተው ሰላምታቸውን ከመለሱ በኋላ ትራስ አመቻቹላቸው።

«ሸኻችን፣ እንኳን ደህና መጡ። ምነው በሰላም ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ይህ ድራፍት የምትሉት ነገር የት አለ?» አሉ ሸኹ፣ ዐይናቸውን በግቢው ዙሪያ እያንከራተቱ።

ነገሩ የገባቸው ወጣቶች በሣቅ ፈነዱ። ሣቁ ሲበርድ ሾፌሩ ከወረቀቶቹ አንዱን አንሥቶ ለሸኹ ሰጣቸው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ስም ነበር። ሸኹም ተረጋግተው ተቀመጡ፤ ሆኖም ከመሄዳቸው በፊት ያነሡት ሌላ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እርሱ ነው።

የምናብ ቡድን፣ የእውነት ነጥብ

አል-ዓሪዳ ከጂዛን ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው በሚጀምርበት፣ በየመን ድንበር አጠገብ የምትገኝ የጂዛን ክልል አውራጃ ናት። ሰማዩን ከሚሞሉት ተራሮቿ አንዱ ጀበል ሰላ ነው። በክልሉ ደጋማ ቦታዎች በእርከን ላይ የሚለማው የኸውላኒ ቡና የአስተራረሱ ዕውቀትና ልማድ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በነዚህ ከተሞችና ተራሮች መካከል በሹፌርነት፣ በጥበቃ፣ በልብስ ስፌት፣ በእርሻ ሥራ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሳምንቱ ድካም በኋላ ከሚገናኙባቸው ምክንያቶች አንዱ እግር ኳስ ነው። እግር ኳሱ ደግሞ በቅርብ ዓመታት «ፋንታሲ» የሚባለውን ጨዋታ አስከትሏል።

ፋንታሲ ማለት በቀላል አነጋገር የምናብ ቡድን ነው። ተሳታፊው በእውነተኛው ሊግ ከሚጫወቱ ሰዎች መካከል 15 ተጫዋቾችን ይመርጣል፤ 2 ግብ ጠባቂዎች፣ 5 ተከላካዮች፣ 5 አማካዮችና 3 አጥቂዎች። እነዚህ ተጫዋቾች በእውነተኛው ሜዳ በሚሠሩት ሥራ ለመራጫቸው ነጥብ ያመጣሉ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይፋዊ ጨዋታ አጥቂ ጎል ሲያስቆጥር 4፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ 6 ነጥብ ያስገኛል። ለጎል የሚሆን ኳስ ያቀበለ 3 ነጥብ አለው። ጎል ሳይቆጠርበት የወጣ ቡድን ተከላካይና ግብ ጠባቂ 4 ነጥብ ያገኛሉ። ቢጫ ካርድ አንድ፣ ቀይ ካርድ ሦስት ነጥብ ያስቀንሳል። በ2025/26 የውድድር ዘመን ደግሞ ኳስ በማስጣል፣ በማውጣትና በመመከት የሚደክሙ ተከላካዮች እነዚህ ተግባራት በአንድ ጨዋታ 10 ሲሞሉላቸው 2 ነጥብ እንዲያገኙ ተደንግጓል።

ይህ ይፋዊ ጨዋታ በ2002/03 የተጀመረ ሲሆን በቅርብ ዓመታት የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከ11 ሚሊዮን አልፏል። የሳዑዲው ሮሽን ሊግም የራሱ ፋንታሲ አለው። በተለመደው ዓይነት እያንዳንዱ ሰው 100 ሚሊዮን የምናብ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ አንድን ተጫዋች ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ። «ድራፍት» የሚባለው ግን ከዚህ ይለያል። በድራፍት ገንዘብ የለም፤ ዋጋም የለም። ጓደኛሞች በተራ እየጠሩ ይመርጣሉ፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው አይደግመውም። ስለዚህም የመምረጫው ምሽት የዓመቱን ዕጣ ፈንታ ይወስናል፤ ልምምድ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከኦክላንድ እስከ ተራራው ግርጌ

የዚህ ጨዋታ መነሻ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልፍሬድ ዊንከንባክ የተባለ የኦክላንድ ነጋዴና የከተማዋ የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ ባለ ድርሻ ቡድኑን ተከትሎ ኒውዮርክ በሄደበት ወቅት በሆቴል ውስጥ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ሐሳቡን ነደፈ። በቀጣዩ ዓመት በነሐሴ ወር ስምንት ተሳታፊዎች ያሉት ማኅበር የመጀመሪያውን ምርጫ አደረገ። ነጥቡን የሚደምር ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ሁሉም ነገር በወረቀትና በእርሳስ ይሠራ ነበር። በአል-ዓሪዳ ያለው ማኅበርም ስምንት አባላት ያሉት፣ ልምምዱንም በወረቀትና በእርሳስ የሚያደርግ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም የሚያስደንቅ ነው።

1962 ለእኛም ሌላ ትርጉም ያለው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ለመጀመሪያና እስከ ዛሬም ለብቸኛ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣች። ከማኅበሩ አባላት አንዱ የሆነው ልብስ ሰፊ ይህን ታሪክ ከአባቱ እየሰማ ያደገ በመሆኑ፣ ልምምዱ ሲጀመር ለማሟሟቂያ የኢትዮጵያን የምንጊዜም ተጫዋቾች ድራፍት አቀረበ። መንግሥቱ ወርቁን ማን ቀድሞ ይውሰድ? ሉቺያኖ ቫሳሎስ? በ2013 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰች ጊዜ በዛምቢያ ላይ ጎል ያስቆጠረው አዳነ ግርማስ? በ2020/21 በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 29 ጎል አስቆጥሮ አዲስ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው አቡበከር ናስርስ? ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሸኹም መንግሥቱ ወርቁ ሲባል ዝም ማለት አልቻሉም፤ «እርሱን ያልወሰደ ኳስ አያውቅም» ብለው ፈረዱ።

ከአሜሪካ የወጣው ሐሳብ ወደ አውሮፓ የገባው ቆይቶ ነው። በጣሊያን ሪካርዶ አልቢኒ የተባለ ጋዜጠኛ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጣሊያኑን ዓይነት ፈጠረ፤ በእንግሊዝ አንድሪው ዌይንስታይን በ1991 ጨዋታውን ጀመረ፤ ጋዜጦችም ተቀብለው አስፋፉት። ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ወሰን አልነበረውም።

የተራው ፍትሕና የቁጥሩ ብልሃት

ልምምዱ እንዲህ ነው የሚካሄደው። ያለፈው 2024/25 የውድድር ዘመን ተጫዋቾች ስም በትንንሽ ወረቀቶች ተጽፎ በየምድቡ ይዘረጋል። ቅድሚያው በዕጣ ይወሰናል። መራጩ በስልክ ሰዓት 60 ሰኮንድ ይቆጠርበታል፤ ካልወሰነ ተራው ያልፈዋል። ምርጫው እንደ እባብ ተጠማዞ ይመለሳል። በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛው እስከ ስምንተኛው ይኬዳል፤ በሁለተኛው ዙር ስምንተኛው ቀድሞ ወደ አንደኛው ይመለሳል። እንግዲህ አንደኛ የወጣለት ሰው 1ኛውን ከመረጠ በኋላ እስከ 16ኛው ድረስ አይጠራም፤ ስምንተኛው ግን 8ኛውንና 9ኛውን አከታትሎ ይወስዳል። የማንኛውም ሰው የሁለት ዙር ተራ ሲደመር 17 ይሆናል፦ 1 እና 16፣ 4 እና 13፣ 8 እና 9። ሸኹ ይህ ሲነገራቸው በጣታቸው ደምረው ካረጋገጡ በኋላ «ይህስ ፍትሕ አለው» አሉ።

ወንድሞች በልምምድ የተማሩት ትልቁ ነገር የቁጥር ነገር ነው። ስምንት ሰው 15 ተጫዋች ሲመርጥ በጠቅላላው 120 ስም ያስፈልጋል፤ ከነዚህ 16ቱ ግብ ጠባቂዎች፣ 40ዎቹ ተከላካዮች፣ 40ዎቹ አማካዮች፣ 24ቱ አጥቂዎች ናቸው። በፕሪሚየር ሊጉ ያሉት ክለቦች 20 ሲሆኑ ብዙዎቹ የሚያሰልፉት አንድ ፊት አውራሪ ብቻ ነው። 24 አጥቂ ለሚፈልግ ማኅበር በየሳምንቱ በእርግጠኝነት የሚሰለፉ አጥቂዎች አይበቁም ማለት ነው። በአንጻሩ 20 ቋሚ ግብ ጠባቂዎች ስላሉ 16ቱ ቢወሰዱ እንኳ አራት ይተርፋሉ። ስለዚህ በአምስተኛው ዙር ግብ ጠባቂ የሚጠራ ሰው ቀድሞ የሚያልቀውን ትቶ የማያልቀውን ይሰበስባል። ጠባቂ ሆኖ የሚሠራው ወንድም ባለፈው ዓመት ይህን ስሕተት ሠርቶ እንደነበር ራሱ አጫወተን፤ በዚህ ምሽት ግን በአራት ዙር ሁለት አጥቂዎችን ያዘ።

ሌላው ክርክር ሙሐመድ ሳላሕን የተመለከተ ነበር። ሳላሕ በ2024/25 በ29 ጎሎችና ለጎል በሆኑ 18 ኳሶች 344 የፋንታሲ ነጥብ አስመዝግቧል፤ ይህም በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን፣ በ2017/18 የተመዘገበው 303 ነጥብ፣ የራሱው የሳላሕ ነበር። እርሱን አንደኛ አለመጥራት ለብዙዎቹ የማይታሰብ ነው። ልብስ ሰፊው ግን አልተስማማም። «የአምናው ነጥብ የአምና ነው። ሰው በሕይወቱ ታላቁን ዓመት ካሳለፈ በኋላ ቀጣዩ ዓመት እንደዚያው ይሆናል ብሎ መጠበቅ ልፋት ነው» ሲል ተከራከረ። በዕድሜም በአቋምም ወደ ላይ የሚወጣውን ተጫዋች መፈለግ፣ የሳምንት ዜና አለመከተል፣ የተጎዱትንና ክለብ የሚቀይሩትን ለይቶ መመዝገብ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ አምስት አማራጭ ስሞችን አስቀድሞ መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ በሙቀት መካከል ሳይሆን በርጋታ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። የልምምድ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የእውነቱ ምሽት ሲመጣ 60 ሰኮንድ በድንጋጤ እንዳያልፍ።

ባዶው ቦታ

የማኅበሩ አባላት ስምንት ናቸው ብለናል፤ በምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ግን ሰባት ነበሩ። ስምንተኛው ከከተማው ርቆ በተራራው እርከን ላይ በቡና እርሻ የሚሠራ፣ የጅማ ልጅ ነው። በሚኖርበት ቦታ የስልክ መስመሩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት በምርጫው ምሽት መስመሩ ተቋረጠበት። በድራፍት ሕግ ሰው በጊዜው ካልመረጠ ኮምፒዩተሩ በፋንታው ይመርጥለታል፤ አስቀድሞ የሚፈልጋቸውን ተጫዋቾች ዝርዝር ካስቀመጠ ከዝርዝሩ ይወስዳል፣ ካላስቀመጠ ግን በራሱ ደረጃ ይመርጣል። እርሱ ዝርዝር አላስቀመጠም ነበር። መስመሩ ሲመለስ ያገኘው የማያውቀውን ቡድን ነው። ዓመቱንም በመጨረሻው ደረጃ ጨረሰ።

ይህ ብቻ ቢሆን ሣቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት እያንዳንዱ አባል 100 ሪያል አዋጥቶ ነበር፤ የተሰበሰበውን 800 ሪያል በሙሉ አሸናፊው እንዲወስድ ተስማምተው ነበር። ያሸነፈውም ሾፌሩ ነው። 100 ሪያል ለአንዱ የሁለት ቀን ወጪ ሲሆን ለሌላው ወደ እናቱ የሚላክ ገንዘብ ነው። የተራራው ወንድም በመስመር መቋረጥ የተነሣ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠይቆ ነበር፤ «ውል ውል ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ለዒድ አልመጣም። ከስልክ ስብስቡም ወጣ። ለሰባት ዓመታት አብረው የበሉ ሰዎች በኳስ ምክንያት ተለያዩ።

ሸኹ ይህን ሲሰሙ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ጠየቁ፦ «ዘንድሮስ ታዋጣላችሁ?»

ማንም አልመለሰም።

ድንበሩ

እዚህ ላይ ለአንባቢ ጉዳዩን ከሸሪዓ አንጻር በአጭሩ ማብራራት ተገቢ ነው። የምናብ ቡድን መርጦ ከጓደኛ ጋር ነጥብ መወዳደር በራሱ ከመዝናኛ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ዋናው ጥያቄ የሚነሣው ገንዘብ ሲገባበት ነው። መይሲር፣ ማለትም ቁማር፣ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛ አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጎን ለጎን ተከልክሏል። ሸኹ ድራፍትን ሲሰሙ ቢራ መስሏቸው መደንገጣቸው የሚያስቅ ቢሆንም፣ በምንጣፉ ላይ ሊቀመጥ ይችል የነበረው ነገር በአንቀጹ የዚያው ጎረቤት እንደነበር ልብ ይሏል። ቀጥሎ ያለው 91ኛው አንቀጽ የክልከላውን ጥበብ ሲያመለክት በሰዎች መካከል ጠላትነትንና ጥላቻን መዝራቱን፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላት ማዘናጋቱን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው ጉዳት በዚህ ማኅበር ላይ በዐይን ታይቷል።

ሊቃውንት ለቁማር የሰጡት መለኪያ ግልጽ ነው። ተወዳዳሪው ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ አንዱ የሁሉንም የሚወስድበት፣ እያንዳንዱም ወይ አትራፊ ወይ ከሳሪ የሚሆንበት ውል ቁማር ነው። በአቡ ዳውድ፣ በቲርሚዚይና በነሳኢይ የተዘገበው ሐዲስ የውድድር ሽልማትን በግመል፣ በቀስትና በፈረስ ላይ የወሰነ ነው። ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም፣ የኋለኛው በ«አል-ፉሩሲያ» ኪታባቸው፣ ዕውቀትን ለማስፋት የሚደረግ ውድድርን ከዚህ ጋር አስጠግተዋል። የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን ግን ከዚህ መዝገብ ማስገባት አስቸጋሪ ነው።

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ2003 በዶሓ ባካሄደው 14ኛ ጉባኤው ስለ ውድድሮች ውሳኔ አስተላልፏል። ሽልማት ያለበት ውድድር የሚፈቀደው ግቡና መንገዱ የተፈቀደ ሲሆን፣ ሽልማቱ ከሁሉም ተወዳዳሪዎች ያልተሰበሰበ ሲሆን፣ በሸሪዓ ዋጋ ያለው ዓላማ ሲያስገኝ፣ ግዴታን የሚያስተው ወይም ወደ ሐራም የሚያደርስ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። «ገንዘብ አናዋጣም፤ የተሸነፈው ምሳ ይጋብዛል» የሚለው ስምምነትም ከዚህ ነፃ አይደለም። ገንዘቡ በምግብ ስም ቢጠራም ተሸናፊው ለአሸናፊዎቹ የሚከፍለው መሆኑ አልተለወጠም። በየማረፊያው፣ በየሻይ ቤቱ እንደ ቀልድ የሚነገረው ይህ ውል ነውና ጥንቃቄ ይገባዋል።

ዕቁቡ ያስተማረው

«ታዲያ ዕቁባችንስ? እርሱም እኮ በዕጣ ነው፣ ገንዘቡም የሁላችን ነው» አለ ጠባቂው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከወገኖቻችን መካከል ዕቁብ የማይጥል ጥቂት ነው። ሸኹ ልዩነቱን ሲያስረዱ ሁሉም አዳመጠ። በዕቁብ ማንም አይከስርም፤ 100 ያዋጣ በዓመቱ መጨረሻ 100ውን ያገኛል። ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማ ምክር ቤትም ሠራተኞች በየወሩ አዋጥተው በተራ የሚወስዱበትን፣ ከኛ ዕቁብ ጋር የሚመሳሰለውን ልማድ በ1410 ዓመተ ሒጅራ በአብላጫ ድምፅ እንደሚፈቀድ ወስኗል። ዕጣ በራሱ ነቀፋ የለውም፤ መርየምን ማን እንደሚያሳድግ የተወሰነው በዕጣ እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል፤ ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲወጡ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ዕጣ እኩል መብት ላላቸው ሰዎች ቅደም ተከተል ሲወስን ፍትሕ ነው። የአንዱን ገንዘብ ወደ ሌላው ኪስ ሲያሻግር ግን ቁማር ይሆናል።

«የእናንተም የድራፍት ተራ እንደ ዕቁቡ ነው፤ ማን ቀድሞ ይጥራ የሚለው ነው። ጥፋቱ በተራው ላይ አይደለም። ጥፋቱ በ800 ሪያሉ ላይ ነው» ሲሉ ሸኹ ንግግራቸውን አጠቃለሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ሾፌሩ ነበር። ገንዘቡን ባለፈው ዓመት አጥፍቶታል፤ በአንድ ጊዜ መመለስ አይችልም። ሆኖም ከሐራም መንገድ የተገኘ ገንዘብ ባለቤቱ ከታወቀ ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት ያውቃል። በየወሩ ለአንድ አንድ ሰው 100 ሪያል እንደሚመልስ ቃል ገባ። የተቀሩት «ትተንልሃል» ሊሉት ሲጀምሩ ሸኹ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ይቅር የማለት መብቱ የእናንተ ነው፤ ግን ይህን በኋላ ለየብቻችሁ ንገሩት። በስብሰባ መካከል የተሰጠ ይቅርታ ከልብ ይሁን ከእፍረት አይታወቅም። የተራራው ልጅ ግን በፋንታው ማንም ይቅር አይልለት። ለእርሱ ይመለስ።»

ከዚህ በኋላ ስምምነቱ ቀላል ሆነ። መዋጮ አይኖርም። የተሸናፊ ምሳም አይኖርም፤ የሐሙስ እራቱ ውጤት ምንም ይሁን ምን በተራ ይዘጋጃል፤ ተራውም የሚወሰነው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሽልማት እንዳይኖርም ተስማሙ፤ ሊቃውንት የተለያዩበትን ነገር መተው ለልብ የሚያርፍ ነውና። ዕጣውን የሚያወጡት ተወዳዳሪ ያልሆኑት ሸኹ ራሳቸው ይሆናሉ።

ሰዓቱም ሐቅ አለው

ሁለተኛው ጉዳት፣ ማለትም ከሶላት መዘናጋት፣ ሳይነሣ አልቀረም። በነሐሴ ወር የእንግሊዝ የቅዳሜ ጨዋታዎች በርካቶቹ በሳዑዲ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፤ ሲያልቁ በጂዛን ፀሐይ ጠልቃ ማግሪብ ገብቷል። የነጥብ ለውጥ ለማየት በስልክ ላይ የተተከለ ዐይን አዛኑን ቢሰማም እግሩ ይዘገያል። ወንድሞች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነው፤ አዛን ሲሰማ ስልኮች በሙሉ በአንድ ሳሕን ላይ ይደረደራሉ፤ ከሶላት በፊት ማንም አያነሣም። ነጥቡ እንደሆነ አይሸሽም። የተቆጠረው ጎል ከሶላት በኋላም የተቆጠረ ጎል ነው።

ይህ ለአሠሪም የሚከበር ሐቅ ነው። ሌሊቱን በስም ዝርዝር ሲያነጋ ያደረ ሾፌር ጠዋት በተራራው ጠመዝማዛ መንገድ መኪና ሲይዝ ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። በዚህም የተነሣ የሐሙሱ ልምምድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እንዳያልፍ ተወሰነ። በዕለቱም በሰዓቱ ተጠናቀቀ።

ዝርዝሩ ወደ ተራራው ሲወጣ

ከመለያየታቸው በፊት አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር። ለስምንተኛው ወንድም ዝርዝር ማዘጋጀት። መስመሩ ቢጠፋም ኮምፒዩተሩ ከዝርዝሩ እንዲመርጥለት፣ ሰባቱ ተባብረው ለእርሱ 40 ስሞችን በቅደም ተከተል ጻፉ። በዓመቱ ተቀናቃኛቸው ለሚሆን ሰው የሚቻላቸውን ያህል ጥሩ ዝርዝር ለመሥራት ሲከራከሩ ማየት ከምሽቱ ሁሉ ደስ የሚለው ነገር ነበር። «አጥቂዎቹን ወደ ላይ አውጣቸው፤ ያልቁበታል» ይላል አንዱ። «ይሄንን አትጻፍለት፣ ጉልበቱን ታሟል» ይላል ሌላው።

በማግሥቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሾፌሩ ወደ ተራራው የሚሄድ ዱቄት ጭኖ ወጣ። ዝርዝሩን በፖስታ አድርጎ ይዟል፤ በፖስታው ውስጥ 100 ሪያል አለ። ከዚያ የሆነውን ሾፌሩ በሚቀጥለው ሐሙስ ነገረን። የጅማው ልጅ በቡናው እርከን ሥር ቆሞ ፖስታውን ከፈተ፤ ገንዘቡን አየ፤ ዝም አለ። ከዚያም እስክሪብቶ ጠይቆ ዝርዝሩን በመኪናው ፊት ላይ ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። በሰባተኛው መሥመር ላይ የነበረውን ስም ሰርዞ በሦስተኛው ላይ ጻፈው።

«ይሄን የጻፋችሁት ሆን ብላችሁ ነው? ሳላሕን ለሰባተኛ ትታችሁልኝ ማን ሊያገኘው ነው?» አለ።

«እኛም እኮ ያንን ነው ያሰብነው» አለው ሾፌሩ። ሁለቱም ሣቁ።

ሾፌሩ ሲመለስ በመኪናው ወንበር ላይ አንድ ከረጢት የቡና ገለፈት፣ የጂዛን ሰዎች «ቂሽር» የሚሉት፣ ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሐሙስ ማታ ቂሽሩ በዝንጅብል ተፈልቶ በምንጣፉ መካከል ቀረበ። ሸኹ ስምንት ወረቀቶችን በኩፊያቸው ውስጥ አድርገው በጥንቃቄ አወዘወዟቸው፤ ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን አወጡ። የስምንተኛው ወንድም ስልክ በምንጣፉ ላይ በድምፅ ማጉያ ተከፍቶ ነበር፤ መስመሩም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በዚያ ምሽት አልተቋረጠም።